«ዩኔስኮ ደናችንን ወሰደው?»

ሸካ ውስጥ የሚሠራ የደን ባለሙያ ከቴፒም ከማሻም ደጋግሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ይኼው ነው።

አልወሰደም። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌርነት ቢመዘገብም መሬቱ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። ጥብቅ የሆነው እምብርቱ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ባለው ክልል ደኑን ሳይጎዱ ቡና፣ ማርና ቅመም ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወዲያ እርሻና መኖሪያ ነው።

ጠብ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ድንበር ሲከለል ነው። በሸካ ልማድ ደኑ ባለቤት አልባ አይደለም፤ «ኮቦ» በሚባለው ሥርዓት ቀፎ የሚሰቀልበት ደን ባለመብት አለው። ካርታው ግን ይህን አያሳይም። የቀበሌ ሊቀ መንበር ስለፈረመ ብቻ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከሰልና እንጨት ሸጠው የሚያድሩ የመንጃ ማኅበረሰብ አባላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስብሰባው ላይ ሰሚ የላቸውም፤ ክልከላው ግን ቀድሞ የሚነካው እነሱን ነው።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። ጎረቤት ካፋ ውስጥ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ቦንጋ ላይ ያስጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ተጠቃሚውና ድንበሩ ይለያል፣ ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል፣ ውሉ የሚፈረመው በኋላ ነው።

የኮቦ ድንበር ያከራከረው ወይም ውል ሊፈርም የተዘጋጀ ማኅበር ካለ ጥያቄውን እዚሁ ሥር ይጻፍ።