የጭነት መኪና አክስል ከመሰበሩ በፊት የሚሰጠው ምልክት

ገበሬው እህሉን ወቅቶ፥ አበጥሮ፥ በጆንያ ከሞላ በኋላ ድካሙ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እህሉ ገና ገበያ አልደረሰም። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ጤፍ የጫነ መኪና ደጀንን ካለፈ በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፥ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ረጅም ዳገት መግፋት አለበት። በዚህ መንገድ የጭነቱን ክብደት የሚሸከመው፥ የሞተሩንም ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው አክስሉ ነው።

አክስል በድንገት ተሰበረ ሲባል ይሰማል። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። የተሰበረውን ብረት አንሥቶ የተመለከተ ሰው አንዱ ወገን ለስላሳና የጠቆረ፥ ሌላው ሸካራና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ያገኘዋል። የጠቆረው ቀደም ብሎ ተሰንጥቆ በየጉዞው ጥቂት በጥቂት የሰፋው ነው፤ በዚያ ቀን የተሰበረው የሚያብረቀርቀው ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር አክስሉ ተሰብሮ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፥ ብረት በተደጋጋሚ ጫና እንደሚደክም መሐንዲሶች አጥብቀው መመርመር ያዙ።

ምልክቱን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መኪናው ሲፈጥን ከፍ፥ ሲዘገይ ዝቅ የሚል ጉምጉምታ ከጎማ በኩል ከተሰማ ኩሽኔታው ሳይበላ አልቀረም። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከኋላ ‹ቋ› የሚል ከሆነ የአክስሉ ጥርስ ወይም ሌላ መጋጠሚያ ላልቷል። በጎማው ውስጠኛ ጎን ዘይት ከታየ የዘይቱ መከላከያ አልቋል፤ ዘይቱም የፍሬኑን ሸራ ስለሚያበላሸው ጉዳቱ ሁለት ይሆናል። ረዳቱ በየማረፊያው ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው እምብርት ቢያስጠጋ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለውን ወዲያው ይለያል። ከኋላ የሚከተል ሾፌርም ፊተኛው መኪና በጎኑ አዘንብሎ ሲሄድ ካየ አስቁሞ ሊነግረው ይገባል፤ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረው ቡሎን ላልቶ አክስሉ ከቦታው ተንሸራትቶ ይሆናልና።

ከሁሉ የሚከፋው በቁልቁለት ላይ የሚደርሰው ነው። በአንድ የኋላ አክስል ብቻ በሚነዳ መኪና ከግራና ከቀኝ ዘንጎች አንዱ ሲሰበር ዲፈረንሻሉ የሞተሩን ኃይል በተሰበረው በኩል ይለቀዋል። ስለዚህ ሌላው ዘንግ ጤነኛ ቢሆንም ሞተሩ መኪናውን መጎተትም ሆነ መያዝ አይችልም፤ በከባድ ማርሽ ተማምኖ ይወርድ የነበረ ሾፌር በእግር ፍሬኑ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ‹ይህችን ብቻ ጨምርልኝ› እያለ የሚለምነው ባለ እህልም ተካፋይ ነው፤ አሥር ኩንታል ጭማሪ 1 ቶን ነውና። ጭነቱ በመኪናው አልጋ ላይ በእኩል ይደልደል እንጂ ወደ ኋላ ጫፍ አይከመር። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ጎማው በከንቱ ሲሽከረከር ቤንዚን ወይም ናፍጣ መርገጥ ዘንግ ይሰብራል፤ ጎማው ድንገት መሬት ሲይዝ ኃይሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያርፍበታልና። ድንጋይና ቅጠል ቢነጠፍለት ይሻላል።

ወንዝ የተሻገረ መኪና ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃውን በመተንፈሻው ቀዳዳ ይስባል። በማግሥቱ ዘይቱ ይታይ፤ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ መኪናው ሌላ ጭነት ሳይጭን ይለወጥ።