የሕፃን ቁም ሳጥን በአሮጌ ቤት፦ ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ቤት የጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ላዩ ላይ ኖራ ወይም የሲሚንቶ ልስን። በእንዲህ ያለ ቤት የሚገኘው ቁም ሳጥን ወይ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ወይ ከአያት የተረፈ የጣውላ ዕቃ። ለሕፃን ይታደስ ሲባል ወሬው ሁሉ ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ የሚል ይሆናል። ሥራውን የሚያበላሹት ግን ከቀለም ምርጫ በፊት ያሉ፣ ከአናጢ ወደ ቀቢ፣ ከቀቢ ወደ ባለቤት ሲተላለፉ የኖሩ እምነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው «አሮጌ ቀለም ሽታው ከጠፋ ቆይቷል፣ አይጎዳም» የሚለው ነው። የሚሸተው ቀለሙን ለማቅጠን የገባው ቲነር ነው፤ እሱ በእርግጥ በንኖ ያልቃል። በቀድሞ የዘይት ቀለሞች ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረው እርሳስ ግን ሽታ የለውም፣ በዘመን ብዛትም አይጠፋም። ቀለሙ ሳይሰነጠቅና ሳይላጥ ከቆየ አደጋው ትንሽ ነው። ቁም ሳጥን ላይ ችግሩ የሚመጣው ከሚፋተገው ቦታ ነው፦ በሩ ሲዘጋ ከማዕዘኑ ጋር የሚታከክበት ጠርዝ፣ መሳቢያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ ጥቂት በጥቂት እየተፈጨ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ የሚድኸው ሕፃኑ ነው። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው መጠን ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ጉዳቱ የሚያርፈው በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ነው፤ ጉዳት የማያስከትል የሚባል መጠንም አልተገኘም።

ከዚህ የሚከተለው ስሕተት የባሰ ነው። «አዲሱ ቀለም እንዲይዝ አሮጌው እስከ እንጨቱ መፋቅ አለበት» ይባልና በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀኑን ሙሉ ይፋቃል። ለዓመታት ሳይነካ የኖረው እርሳስ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ብናኝ ሆኖ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ መጫወቻውን ሁሉ ያለብሳል። ያልተላጠ ቀለም እስከ እንጨቱ መፋቅ አያስፈልገውም፤ ውሃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማሸት ለአዲሱ ቀለም በቂ ነው። ሥር ላስቲክ ይነጠፋል፣ ሕፃኑ ከቤት ይርቃል፣ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ክፉኛ የተላጠውን ጣውላ አውልቆ በአዲስ መተካት ይሻላል፤ የተነሣውን ጣውላ ለማገዶ ማዋል ግን ክልክል ሊሆን ይገባል፤ መርዙ በጢሱና በአመዱ ወደ ማድቤት ይገባልና።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ የሚመለከተው አዲስ የሚመረተውንና የሚሸጠውን ነው፤ ግድግዳና በር ላይ ያለውን አያነሣም። በዋሽንግተን አካባቢ አሮጌ ቤት የያዙ ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል፦ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበትን ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በክፍያ ቀለም የሚነካ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

«ቀቢ ወተት ከጠጣ መርዙ ይረክሳል» የሚለው እምነት በቀቢዎች ዘንድም በየፋብሪካውም ሥር የሰደደ ነው። ወተት ደም ውስጥ የገባን እርሳስ አያስወጣም። ካልሲየምና ብረት በበቂ የሚያገኝ ሕፃን እርሳስን በመጠኑ ያነሰ እንደሚመጥ ይታወቃል፤ ያ ግን የጥሩ አመጋገብ ጥቅም እንጂ ማርከሻ አይደለም። ብናኙ ያጠራጠረው ወላጅ የሚያዋጣው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ ደም ምርመራ መጠየቅ ነው።

ቁም ሳጥኑ ሻጋታ ሻጋታ ሲል «ሲሚንቶ ልስን ርጥበቱን ያቆመዋል» ይባላል። የጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከክረምት ዝናብም ውሃ ይስባል፣ በበጋ ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ይህን ትንፋሽ ይዘጋዋል፤ ውሃው ውስጥ ይቀርና ልስኑ ከጭቃው እየተላቀቀ ያብጣል፣ ሻጋታውም በቁም ሳጥኑ ጀርባ በኩል ተመልሶ ይመጣል። በበረኪና አጥቦ ቀለም መቀባትም መልኩን ያነጣዋል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። መታየት ያለበት ውጭው ነው፦ የተቀደደ አሸንዳ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር። ውስጥ ደግሞ ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ማራቅና ግድግዳውን በኖራ መለሰን።

ስለ ብል የሚባለውም ግማሹ ተረት ነው። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸው፤ የብል እጭ የሚመገበው ግን ሱፍ፣ ፀጉርና ላባ ነው። የመንዝ በርኖስና የሱፍ ሹራብ ሊፈሩለት ይገባል፤ ንጹሕ ጋቢ ግን ላብ ወይም ወጥ ካልነካው በስተቀር አይነካም። ስለዚህ በሕፃን ልብስ መካከል ናፍታሊን መጣል ትርፉ አደጋ ነው። ከረሜላ መስሎ ይዋጣል፤ ከዚያም በላይ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናት፣ በናፍታሊን ውስጥ በቆየ ልብስ መጠቅለላቸው ብቻ ደማቸው እንዲሰባበርና ዓይናቸው ቢጫ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል። ጉድለቱ ወባ ባለባቸው አገሮች የተለመደ ነው። ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማራገፍ ይበቃል።

«ከባድ ዕቃ አይወድቅም» የሚለው ግን ሕይወት ይቀጥፋል። ሕፃን መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ስቦ ሲወጣ የዕቃው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከባዱ ዕቃ ደግሞ ሲወድቅ የሚያደርሰው ጉዳት የበለጠ ነው። መታሰር አለበት፤ በጭቃ ቤት ግን ፊሸር ጭቃውን ብቻ ከያዘ በትንሽ ጉተታ ከነአፈሩ ይወጣል። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ እየኳኩ ሲሄዱ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ቋሚው ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በቀጭን ሚስማር ተሞክሮ እንጨት መሆኑ ከተረጋገጠ የማሰሪያው ብረት እዚያ ላይ በብሎን ይጠብቃል። ከባድ ዕቃ ታች፣ ቀላሉ ላይ ይቀመጣል።

የልብስ መስቀያው ሕፃኑ ራሱ እንዲደርስበት ዝቅ ማለቱ አያከራክርም። የቀድሞ ቁም ሳጥኖች ከውጭ በቁልፍ የሚዘጉ መሆናቸው ግን «ልጅ እንዳይበረብር» ተብሎ ይመሰገናል። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን ውስጥ ገብቶ በሩ ከተቀረቀረበት ከውስጥ መክፈት አይችልም። ቁልፉ ተነቅሎ፣ ሕፃን በእጁ ገፍቶ በሚከፍተው የማግኔት መያዣ ሊተካ ይገባል።