ለቆላ የሚሆን ማዘርቦርድ

የጌም ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ለመገጣጠም የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ላይ። ማዘርቦርዱ የሚገዛው በተረፈው ብር ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ልማድ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ቦርዱ ቢበላሽ መገናኛ ወርዶ ሌላ መፈለግ ነው። በሱዳን ድንበር በኩል ባለው ቆላ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውኃ ወይም ቋራ ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ካርዱ ደካማ ቢሆን ጨዋታው ይንቀራፈፋል እንጂ ማሽኑ ይሠራል። ቦርዱ ከሞተ ሁሉም ነገር ይቆማል። ምትኩ ቢቀርብ ከጎንደር፣ አለዚያም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ድሮ ከጋላባት ማዶ የሱዳን ገበያ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያም በር ጠቧል። እኔ ብጠየቅ ለቆላ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚመረጠው ቦርዱ ነው እላለሁ፤ ሌላው በእሱ ልክ ይሰፋል።

ማዘርቦርድ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ይቀመጣል፣ ራሙ ከጎኑ ይቆማል፣ ግራፊክስ ካርዱ ረጅሙ ማስገቢያ ላይ ይገባል፣ የኤም.2 ማከማቻው ተኝቶ በአንዲት ብሎን ይታሰራል። ይህን ሻጩም ይነግርሃል። ብዙ የማይወራለት ሥራው ኃይል መመጠን ነው። ፓወር ሳፕላዩ 12 ቮልት ይልካል፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ግን ከ1 ቮልት እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይህን የሚያወርደው በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደረው፣ ቪአርኤም የሚባለው ክፍል ነው። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩ ይወጣል። በ1.2 ቮልት 90 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር 75 አምፔር ይስባል ማለት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው 16 አምፔር ገደማ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ እነዚያ ጥፍር የሚያካክሉ ቺፖች ለምን እንደሚግሉ ይገባዋል።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ቀን 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፤ ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍልም ከደጁ አይሻልም። ፋን አየር ይገፋል እንጂ አየር አያበርድም። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 70 ላይ የሚረጋ ፕሮሰሰር፣ በ40 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያው ፋን እየነፋበት 85 አካባቢ ይደርሳል። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ወደ 90 ሲጠጋ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። ለነገሩ ቆላውም የራሱ ጥቅም አለው፦ የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፣ መተማ ላይ ግን አየሩ ይከብዳል። ሙቀቱ ጥቅሙን መልሶ ይበላዋል እንጂ።

እኔን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ካፓሲተሩ ነው። ፕሮሰሰር ሲሞቅ ቀስ ይላል፤ ካፓሲተር ግን ምንም ሳያሳይ ያረጃል። ውስጡ ፈሳሽ ላለበት ዓይነት መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ15 ዲግሪ የሚበልጥ ክፍል እንግዲህ ዕድሜውን ወደ ሲሶ ገደማ አወረደው ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር አልቀዋል። ዴል በኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮቹ ችግር የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2005 300 ሚሊዮን ዶላር ለወጪ መዝግቧል። ያገለገለ ቦርድ የሚገዛ ሰው አናታቸው በመስቀል ቅርጽ የተጫረ ካፓሲተሮችን ካየ ጣቱን ያሳርፍባቸው፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያዠ ካለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ይተወው። ሶሊድ የሚባለው ዓይነት አናቱ ለጥ ያለ፣ ያልተጫረ ነው፤ ፈሳሽ ስለሌለው አይደርቅም። ቢያንስ በሶኬቱ ዙሪያ ያሉት እንደዚህ መሆን አለባቸው።

ከዚያ ወደ ቪአርኤሙ። ርካሽ ቦርድ ላይ ቺፖቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ሻል ባለው ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ተደፍቶባቸዋል። ኤ520 የሚባሉት ቦርዶች ብዙዎቹ ራቁት ናቸው፣ ቢ550 ከሚባሉት ደግሞ ብዙዎቹ ለብሰዋል። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት በቆላ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው፤ መብራት ያላቸው ጌጦችና የመስታወት ክዳኖች ግን አይደሉም። 65 ዋት ከተጻፈበት ፕሮሰሰር በላይ መመኘትም አያስፈልግም። በ40 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 120 ዋት የሚያቃጥል ቺፕ ማሽኑንም ተጫዋቹንም ያስጨንቃል። በኢንተርኔት ገበያ በርካሽ የሚሸጡት የቻይና ኤክስ99 ቦርዶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ከሰርቨር የወጡ የእ.ኤ.አ. 2014 የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰሮችን ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ 120 ዋትና ከዚያ በላይ ናቸው። ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴትም ስሙ የሚለው ሳይሆን ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሶኬት ጉዳይ ከገንዘብ አገባብ ጋር የተያያዘ ነው። በቆላው ብር የሚገኘው ሰሊጥ፣ ጥጥ ወይም ማሽላ ሲሸጥ ነው፤ ሁሉንም በአንዴ መግዛት ለጥቂቶች ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ እጅ አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ ቦርዱ ዘንድሮ ተገዝቶ ለከርሞውም የሚሆን መሆን አለበት። ኤኤምዲ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በ2024ም ለዚያው ሶኬት አዲስ ፕሮሰሰር አውጥቷል። ኢንቴል በ2020፣ በ2021 እና በ2024 ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ኤኤም5 አዲስ ነው፣ ዕድሜም አለው፤ ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል ግን መነሻው ውድ ነው።

ዘንድሮ የኤኤም4 ሶኬት ያለው ቢ550 ቦርድና ራይዘን 5 5600ጂ፣ ከርሞ ግራፊክስ ካርድ፦ እኔ የምመርጠው አካሄድ ይህ ነው። ጂ የሚለው ፊደል ግራፊክስ በውስጡ አለ ማለት ነው፤ ካርዱ እስኪገዛ ድረስ ጂቲኤ 5ንም ፊፋንም በዝቅተኛ ቅንብር ያጫውታል። ራሙን ግን ከአንድ 16 ጊጋ ይልቅ ሁለት 8 ጊጋ አድርጎ መግዛት ነው፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ ሁለት የራም መስመር ሲያገኝ በግልጽ ይፈጥናል። ቢ450 ርካሽ ነው፣ መጥፎም አይደለም፤ ያረጀ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ያለበት ከሆነ ግን የ5000ዎቹን ፕሮሰሰሮች አያውቃቸውም። ከአዲስ አበባ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጥቁር ስክሪን ማየት ያኔ ነው። ከኋላው የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለው ቦርድ ፕሮሰሰር ሳይኖርበትም በፍላሽ ዲስክ ይታደሳል። የሌለውን የሚገዛ ሰው እዚያው ሱቁ ውስጥ በራሱ ፕሮሰሰር አስነስቶ ይየው።

የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመርም የተለመደ ነው። ለጥናትና ለፊልም ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቹ የዴልና የኤችፒ ቦርዶች የኃይል ማያያዣቸው የራሳቸው ነው፤ ፓወር ሳፕላዩ ሲቃጠል ከገበያ የተገኘው አይገባም፣ ቦርዱም ወደ ሌላ ኬዝ አይዛወርም።

የኢንቴል ቦርድ በአውቶብስ የሚላክ ከሆነ የሶኬቱ ፕላስቲክ ክዳን መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ቀጫጭን መርፌዎቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነውና አንዷ ከታጠፈች ዕቃው አለቀለት። ከመግዛት በፊት ሶኬቱን በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት፣ ረድፉ መስመሩን ሳይስት መሄዱን መመርመር ነው። ኤኤም4 ላይ መርፌዎቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆኑ ቦርዱ ለመንገድ ይቀላል። ዋይፋይ ላለው ቦርድ ተጨማሪ መክፈል ግን ብዙም አይታየኝም፤ ኢንተርኔቱ ከስልክ የሚመጣ ከሆነ የቻርጀሩ ገመድ ይበቃል።

መብራቱ ይቀራል። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሄደው የ230 ኪሎቮልት መስመር በዚያው ቆላ ያልፋል፤ የቤቱ ሶኬት የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ አመላለሱ አይታወቅምና። ቦርዱ ባዮስ ውስጥ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቅንብር አለው፦ እሱን ኦፍ ላይ ማድረግ፣ ማሽኑ ሰው ሳይነካው እንዳይነሳ ነው። ባዮስ ማደስ ደግሞ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ብቻ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ፍላሽባክ የሌለው ቦርድ ላይነሳ ይችላል። ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪም ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ለረጅም ሰዓት ሲቋረጥ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ቶሎ ትደክማለች። ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስቲምም ሆነ ሌላው ድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፊኬቱ አልተስማማም እያለ አልገባም ይላል። ቦርዱን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚገዛ ሰው ሁለት ትርፍ ባትሪ አብሮ ይያዝ።