የአለርጂ ምርመራ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም

አንድ ወዳጄ የአምስት ዓመት ልጁን የደም ምርመራ ውጤት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱ ስለ እንቁላል «ፖዘቲቭ» ይላል። ልጁ ግን እንቁላል እየበላ ነው ያደገው፤ አንድም ቀን አላመመውም። «ከዛሬ ጀምሮ ልከልክለው?» አለኝ። እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ ግን የማስረጃ ጥያቄ ነውና ጥቂት አነበብኩ፤ ባለሙያም ጠየቅሁ።

አለርጂ ሰውነታችን ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት የሚመጣ ችግር ነው። ቶሎ በሚከሰተው የአለርጂ ዓይነት ዋናው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተገኘው አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ነው። ሁለቱም የታወቁ ምርመራዎች የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

በቆዳው ምርመራ፣ አለርጂ ያስነሳል ተብሎ ከተጠረጠረው ነገር የተዘጋጀ ፈሳሽ ክንድ ላይ ጠብ ይደረግና ቆዳው በስሱ ይወጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ እብጠቱ ይለካል። ለማነጻጸሪያ ጨዋማ ውኃ ጠብ ከተደረገበት ቦታ ቢያንስ በ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ «ፖዘቲቭ» ይባላል። የአለርጂ ማስታገሻ ኪኒን ይህን ውጤት ስለሚያዛባ ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሊያስቆም ይችላል። የደም ምርመራውን ግን ኪኒኑ አያዛባውም።

ይሁንና ሁለቱም የሚነግሩን ሰውነት ለዚያ ነገር አንቲቦዲ ማዘጋጀቱን እንጂ ሰውየው እንደሚታመምበት አይደለም። ፖዘቲቭ ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዋናው ምስክር የታማሚው ታሪክ ነው፦ ምን በላ? ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ሆነ? ጥርጣሬ ከቀረ ምግቡን በሐኪም ቁጥጥር ሥር ጥቂት በጥቂቱ አብልቶ ማየት ይቻላል። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ያለ በቂ ማስረጃ የተፈረደ ፍርድ ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ከሚሉ 10 ሰዎች 9ኙ ያህል በአግባቡ ሲመረመሩ መድኃኒቱን መውሰድ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። በእኛ አገር ደግሞ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች አሉ። ለእነሱ በስህተት የተለጠፈ «አለርጂ» የሚል ቃል ዋናውን መከላከያ ይነጥቃቸዋል።

ወዳጄ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። ሐኪሙም የልጁን ታሪክ ከሰማ በኋላ እንቁላሉን እንዲቀጥል ነገረው።