አንስቶ የሚያቆይ ማንሻ

ሞተር ሳይክሉን ቤቱ ለሚጠግን ሰው ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከተሟሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የማንሻ ነው። ካቴና በደንብ ለማጠብና ዘይት ለመቀባት፣ የፍሬን ሸራ ለመቀየር፣ ከመነዳሪ ለማውጣት ጎማው ከመሬት መላቀቅ አለበት። ዕቃውን ለመግዛት የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ በተጻፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ሻጩም አስቀድሞ የሚጠራለት ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለምርጫ ግን እምብዛም አይረዳም። ሞተር ሳይክል ማንሳት ከባድ ሥራ አይደለም። በየከተማው የምናየው ቦክሰር 120 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ከደረጃ ላይ ያወጡታል። ጭንቁ ከተነሳ በኋላ ነው። አንዱ ዳዶ እየታገለው፣ ክፍሉ አንድ በአንድ እየተፈታ፣ አንዳንዴም መለዋወጫ እስኪገኝ ሳምንት ሙሉ፣ ባለበት መቆም አለበት። ማንሻም መመዘን ያለበት በዚህ በሁለተኛው ሥራው ነው።

«ሁለት ቶን የሚችል የመኪና ክሪክ ካለኝ 120 ኪሎ ምን ያቅተዋል?» የሚል ይኖራል። ማንሳቱ አያቅተውም። ክሪክ መኪናን በአንድ ጥግ ሲያነሳ ግን ሌሎቹ ጎማዎች መሬት ላይ ስለሚቀሩ ሚዛኑን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሞተር ሳይክል ከሆዱ ሥር ሲነሳ የሚያግዝ ሌላ እግር የለውም፤ ክብደቱም ሚዛኑም ክሪኩ ላይ ይወድቃል። በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የክሪኩ ሳህን 10 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና ሞተር ሳይክሉ ልክ መሃሉ ላይ ቢያርፍ፣ በግራና በቀኝ ያለው ድጋፍ 5 5 ሳንቲሜትር ነው። 120 በ5 ሲባዛ 600 ይሆናል። መሪው ከድጋፉ በላይ 80 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ 600 ለ80 ሲካፈል 7 ኪሎ ተኩል ይመጣል። መሪውን በዚያች ጉልበት ወደ ጎን የገፋ ልጅ ሊጥለው ይችላል ማለት ነው። ሁለት ክንዶች 30 ሳንቲሜትር ተራርቀው ቢሸከሙት ግን ያው ስሌት 22 ኪሎ ተኩል ይሰጣል። ክብደቱ አልተቀየረም፣ ማንሻው ላይ የተጻፈው ቶንም ምንም አልጨመረም፤ የመቆም አቅሙ በሦስት እጥፍ ያደገው በድጋፉ ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሜትር አውጥቶ የክንዶቹን ርቀትና የእግሩን ስፋት መለካት፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ከማንበብ ይበልጣል። ሻጩ ግር ይለው ይሆናል፤ ይበለው።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር መቆለፊያው ነው። አብዛኞቹ ማንሻዎች የሚሠሩት በሃይድሮሊክ፣ ማለትም ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባስረዳው የፈሳሽ ግፊት ሕግ ነው። ትንሿ ፒስተን 12 ሚሊሜትር፣ ትልቋ 36 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖራቸው የገጻቸው ስፋት ልዩነት 9 እጥፍ ይሆናል፤ የእጀታው ርዝመት ሲታከልበት በአንድ እጅ የሚነሳው ክብደት ያስገርማል። ውሎ አድሮ ደግሞ ደካማ ጎኑ ይታያል። ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዙት አንዲት ትንሽ የብረት ኳስና ጥቂት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። የኳሷ መቀመጫ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ቢገባ፣ ወይም ቀለበቱ አርጅቶ ቢሰነጠቅ፣ ማንሻው ሳይሰማ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማታ ከፍ ብሎ የተተወ ሞተር ሳይክል ጠዋት ጎማው መሬት ነክቶ አንድ ጎን ላይ አዘንብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይት ያነሳል፤ የሚያቆየው ግን ብረት መሆን አለበት። በቀዳዳ የሚገባ ወፍራም ዘንግ ወይም ጥርስ ላይ የሚወድቅ መቆለፊያ የሌለውን ሃይድሮሊክ ማንሻ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። መቆለፊያውም በጭፍን አይታመንም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ ነጋዴ ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን 1.7 ሚሊዮን ገደማ የመኪና መደገፊያዎች መልሶ ሰብስቧል። ምክንያቱ ጭነት ላይ እያሉ መቆለፊያው ከጥርሱ ሊላቀቅ ይችላል መባሉ ነበር። ዕቃው የመኪና ቢሆንም ጉድለቱ የሞተር ሳይክል ማንሻ ላይም ሊኖር የሚችል ነው። ስለዚህ መቆለፊያው ከገባ በኋላ ክብደቱን ከዘይቱ ላይ አውርዶ እሱ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ከመሥራት በፊት ነቅነቅ አድርጎ ማየት ግድ ነው።

ቀሪው ምርጫ የሚጀምረው ሞተር ሳይክሉ ሥር ተንበርክኮ ከማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ በየጋራዡ የሚታየው ባለሁለት ክንድ ዝቅተኛ ማንሻ የሚመቸው እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ላሉት፣ ከሞተሩ ሥር ሁለት ጠንካራ የሻንሲ ቱቦዎች ጎን ለጎን ለሚያልፉባቸው ነው፤ ክንዶቹ ቱቦዎቹ ላይ ዘርጋ ብለው ያርፋሉ። ለውድድር በተቀረጹት ሞተር ሳይክሎች ግን እዚያ ቦታ ላይ የጭስ ቱቦው ተጠምዝዞ ስለሚገኝ፣ የሚነሱት ከኋላ ጎማውን በያዘው ሹካ በኩል በሚገባ መቆሚያ ነው። የእኛዎቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በብዙዎቹ ከሞተሩ ሥር የሚያልፍ ቱቦ የለም፤ ሞተሩ ራሱ የሻንሲው አካል ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሥር ሲታይ የሚገኘው የአልሙኒየም ሆድ፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎንና የእግር መርገጫውን የያዘው ዘንግ ነው። ክሪክ እዚያ ብሎን ላይ አርፎ ሲገፋ አልሙኒየሙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የፍሬን ሸራ ለመቀየር የተጀመረ ሥራ የሞተር ሥራ ሆኖ ያልቃል። እንዲህ ላለው ሞተር ሳይክል በእኔ ግምት ትክክለኛው ምርጫ ከኋላ ሹካው ሥር የሚገባ፣ እግሩ ሰፊ የሆነ መቆሚያ ነው። ጠረጴዛ መሰሉ ማንሻ ከሁሉም ይመቻል፤ ሞተር ሳይክሉ በራሱ ጎማዎች ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማው ተጨብጦ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ወገብ ድረስ ከፍ ይላል፣ ጉልበትና ወገብም ይተርፋል። ነገር ግን ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል፣ የራሱ ክብደት ከ100 ኪሎ በላይ የሚሆን ብዙ ነው፣ ደልዳላ የሲሚንቶ ወለልም ይፈልጋል። በወር አንዴ ካቴና ለሚያጠብ ሰው ይህን ሁሉ ብረት ግቢ ውስጥ መትከል አይመከርም።

«መካኒኮች በድንጋይና በግንድ ደግፈው፣ ሲያስፈልግም አጋድመው ሲሠሩ አላየንም ወይ?» ማለት ይቻላል፤ ሐሰትም አይደለም። ልዩነቱ አጠገባቸው ሁልጊዜ የሚይዝላቸው ረዳት መኖሩ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ድንጋዩ ሲንሸራተት የሚጮኽለት እንኳ የለም። ማጋደሙም የራሱ ዋጋ አለው፤ ቤንዚን ከካርቡራተር ይፈስሳል፣ አሲድ ያለበት ባትሪ ይንጠባጠባል፣ የሞተር ዘይትም ወደ አየር ማጣሪያው ሊሄድ ይችላል። የመሃል መቆሚያው ይበቃል የሚለው ክርክር ጠንከር ያለ ነው፤ ለካቴናና ለኋላ ጎማ በእርግጥ ይበቃል፣ ያለው ሰው መጀመሪያ በእሱ ይጠቀም። የፊት ጎማ ሲወልቅ ግን ሚዛኑ ወደ ፊት እንዳይደፋ የኋላውን ወደ ታች የሚይዝ ቀበቶ ወይም ከፊት የሚደግፍ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ዋጋን በተመለከተም ሰፈር ውስጥ ያለ በያጅ ከቱቦላሬ የኋላ መቆሚያ ሊሠራ ይችላል። መስፈርቱ ሊነገረው ይገባል፦ እግሮቹ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ይራራቁ፣ መያዣዎቹ ሹካው እንዳይንሸራተት ጠርዝ ይኑራቸው፣ ብረቱን የሚነካው ቦታ ላይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይታሰር። ብየዳው ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ሥራውን አለመቀበል ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ደግሞ የሚያሳስበው ወለሉ ነው። የማንሻ ትንንሽ የብረት ጎማዎች አፈር ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ፀሐይ ባለሰለሰው አስፋልት ውስጥም ጉድጓድ ያበጃሉ። አንዱ እግር ግማሽ ሳንቲሜትር ሲሰምጥ ላይ ያለው መሪ ከዚያ የበለጠ ያዘነብላል። ግቢው አፈር ከሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም ኮምፔርሳቶ ይነጠፍ። ቀጥሎ፣ የጠበቁት ዳዶዎች ሁሉ ሞተር ሳይክሉ መሬት ላይ እያለ ይላላሉ። የኋላ ጎማ ዳዶ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ከ60 እስከ 100 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ 100ው በ30 ሳንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ30 ኪሎ በላይ ግፊት ይጠይቃል። ዝጎ ከያዘ ደግሞ ይብሳል። ያን ግፊት አየር ላይ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍ ከፍ ብለን ያሰላነውን 22 ኪሎ ተኩል ረስቶ መሥራት ነው። ከዚያ የፊት ፍሬኑ ይታሰራል፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ በቀጭኑ የተቆረጠ ቀለበት የፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር አጣብቆ ለመያዝ ይበቃል፣ ሞተር ሳይክሉም ወደ ፊት መንከባለል ይቆማል። ማንሳት ሲጀመር ጎማው ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሲለይ ማቆም ይገባል። መሪው በቀስታ ሲገፋ የሚንገጫገጭ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ወርዶ እንደገና ይስተካከላል። በዚያ ከፍታ ላይ የተገኘ ስህተት የሚያስከፍለው አምስት ደቂቃ ነው። ቀበቶ የሚያስፈልገው ሲሆን ሁለቱን የፊት ሾኮች ላይ በኩል በያዘው ብረት ዙሪያ ገብቶ ወደ ግራና ቀኝ ይወጠራል፤ ከመሪው ጫፍ ወይም ከፍሬን እጀታ ላይ ማሰር መሪውን ያጣምማል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሥራው ሲሄድ ሚዛኑ መለወጡን ነው። የኋላ ጎማ ከነጥርሱ 10 ኪሎ ቢመዝንና ከሞተር ሳይክሉ መሃል 65 ሳንቲሜትር ርቆ ቢገኝ፣ ሲወልቅ የቀረው 110 ኪሎ የሚዛን ነጥብ ወደ ፊት 6 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ሲጀመር ልክ የነበረው አቀማመጥ ከዚያ በኋላ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ከባድ ዕቃ ከመውለቁ በፊት የትኛው ጫፍ እንደሚቀልል አስቦ ሌላውን መደገፍ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ እየበዙ ባሉት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ይህ የባሰ ነው፤ ሞተሩ የኋላ ጎማው ውስጥ ከሆነ ጎማው ከለመድነው እጅግ ይከብዳል፣ ባትሪውም ከ20 ኪሎ በላይ የሚሆንባቸው አሉ። ባትሪው ወጥቶ የተስተካከለ ማንሻ ባትሪው ሲመለስ እንደገና መታየት አለበት።

ማውረዱ በመጨረሻ ሲመጣ ሰው ደክሞታል፣ ይቸኩላል። መቆለፊያው ክብደት ተሸክሞ ሳለ በመዶሻ አይነቀልም፤ መጀመሪያ ማንሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ መቆለፊያው በእጅ ይወጣል፣ ከዚያ የዘይቱ ማስተንፈሻ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ በጥቂቱ ይከፈታል። በአንዴ ከተከፈተ ይወድቃል እንጂ አይወርድም። ሥሩ የቀረ ቁልፍ ወይም ጣት እንደሌለ ይታያል። የጎን መቆሚያው ጎማው መሬት ከመንካቱ በፊት ይዘረጋል፣ የሚያወርደውም ሰው በግራ በኩል ቆሞ መሪውን በአንድ እጁ ይይዛል።