ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፦ አሮጌውን ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

አሮጌ ባለ ሦስት ጎማ አድሳችሁ ልትነዱ ካሰባችሁ ከቀለሙ በፊት የኋላውን አክሰል እዩ። የኋላውን ክፍል ከመሬት አንሡና ፔዳሉን በእጅ አዙሩ። በብዙዎቹ አንዱ ጎማ ብቻ ይዞራል፤ ዳገት ላይ እሱ ጠጠር ላይ ከተንሸራተተ ቆማችሁ ቀራችሁ። ዲፈረንሻል ያለው አዲስ ግን ኃይሉን ለሁለቱም ያካፍላል።

ለእድሳት እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ። ቴላዮው ብረት ስለሆነ ቢሰነጠቅ የሰፈር በያጅ ይጠግነዋል፤ አሉሚኒየም የአርጎን ብየዳና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ኩሽኔታውን ፈትታችሁ እጠቡ፣ ግራሶ ቀቡ፣ የላላ ካቴና ቀይሩ።

አነዳዱ ላይ ተጠንቀቁ። ሁለት ጎማው መታጠፊያ ላይ ያዘነብላል፣ ሦስት ጎማው አያዘነብልም። ጊዮርጊስ ጋ የምኒልክን አደባባይ ስትዞሩ ክብደታችሁ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ከመዞራችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ሰውነታችሁንም ወደ ግራ አዘንብሉ።

ለእናትና ለአባት ከሆነ አዲሱን ግዙ፦ መሳፈሪያው ዝቅ ያለ፣ የማቆሚያ ፍሬን ያለው። አሮጌው የፊት ፍሬን ብቻ ካለው፣ የኋላ ሳይገጠምለት በቸርችል ቁልቁለት ወደ ለገሃር አታውርዱት።