ያገለገለ የጎልፍ ጋሪ ዋጋው ከመቀመጫው ሥር ነው

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያገለገለ የጎልፍ ጋሪ ለመግዛት የወጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ቀለሙ ነው። አዲስ የተቀባ አካል፣ አዲስ የለበሰ መቀመጫ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ። ሻጩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የገዢውን ኪስ የሚያራቁተው ግን ከመቀመጫው ሥር ተደብቆ የተቀመጠው ክላች፣ የእኛ መካኒኮች ፍሪሲዮን የሚሉት ዕቃ ነው። የክላቹን ጉዳይ ሳይመረምር የሚገዛ፣ ወይም “ክላቹ አልቋል” ሲባል ሳይጠይቅ የሚያስቀይር ነጋዴ በሁለቱም በኩል ይከስራል።

ጋሪ ስንል የቢሾፍቱውን ባለ ፈረስ ማለታችን አይደለም። ከጎልፍ ሜዳ ወጥቶ በመንደር፣ በሆቴል፣ በፋብሪካ ግቢ የሚያገለግለውን ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። የዚህ ንግድ እምብርት ደግሞ ጆርጂያ ነው። ኢዚጎ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው በኦገስታ ከተማ ነው፤ ክለብ ካርም የሚሠራው በዚያው በኦገስታ አካባቢ ነው፤ ያማሃ ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ኑናን ፋብሪካ አለው። ከኑናን ብዙ በማትርቀው ፒችትሪ ሲቲ ደግሞ ለጋሪ ብቻ የተሠራው መንገድ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሰዉ ገበያ የሚወጣው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በጋሪ ነው። በአትላንታና በዙሪያዋ ከሚኖረው ወገናችን ብዛት አንፃር ይህ ገበያ በደጃፋችን ያለ ነው ማለት ይቻላል።

ዕቃው ከየት ይመጣል? የጎልፍ ክለቦች ጋሪዎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ይይዛሉ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚሆነው ውል ሲያበቃ ጋሪዎቹ በጅምላ ወደ ነጋዴ ይሄዳሉ፤ ነጋዴው ቀብቶና መቀመጫ አልብሶ ይሸጣል። እነዚህ ብዙም አያስፈሩም። የሚያስፈሩት ከሁለትና ከሦስት እጅ በኋላ በየጓሮው የሚሸጡት፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ባለ ቤንዚን ጋሪዎች ናቸው። ርካሽ ናቸውና ብዙ ጀማሪ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ለሪዞርት ወይም ለሪል ስቴት ግቢ ባለ ቤንዚን ጋሪ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ዕቃውን ኮንቴይነር ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ። በባትሪ የሚሠራው ጋሪ ደግሞ ጭራሹን ክላች የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይሉን በቀጥታ ለኋላ አክስሉ ይሰጣል። ስለዚህ ባለ ባትሪውን እያሳየ “ክላቹን አሁን ነው የቀየርነው” የሚል ደላላ ከገጠመዎት ሌላውንም ወሬውን በዚያው ይመዝኑት።

ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። በጋሪው ውስጥ ሁለት ክላች አለ። አንደኛው ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካው ነጂ ክላች ነው፤ ሁለተኛው በኋላ አክስሉ መግቢያ ላይ ያለው ተነጂ ክላች ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጎማ ቀበቶ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቺንጋ ነው። እያንዳንዱ ክላች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ተዳፋት ሳህኖች አሉት። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር በነጂው ውስጥ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ እየተወረወሩ ተንቀሳቃሹን ሳህን ይገፉታል፤ ሳህኖቹ ሲቀራረቡ ቺንጋውን ጨምቀው ይይዙና ወደ ጠርዛቸው ያወጡታል። በተነጂው በኩል ተቃራኒው ይሆናል፤ ሳህኖቹ ሞላውን አሸንፈው ይከፈታሉ፣ ቺንጋውም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ማርሹ ይኸው ነው። የሚቀየር ካምቢዮ የለም፣ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። ያለ ማርሽ የሚነዳውን ስኩተር የፈታ መካኒክ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ የባጃጅ መካኒክ ግን በለመደው አይሂድ፤ የባጃጁ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የሚሠራ ባለ ዲስክ ነው፤ የጋሪው ዘይት ከነካው ይበላሻል።

ሲያረጅ ምን ይሆናል? ሲነሳ ይዘላል ወይም ይንቀጠቀጣል። ቺንጋው ይጮኻል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረው ጋሪ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ እሱ አይሄድም። ወይም በድንገት ካቆሙት በኋላ እንደገና ሲነሳ፣ በከባድ ማርሽ እንደሚነሳ መኪና ይታገላል፤ ሳህኖቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ማለት ነው። በክላቹ ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት ከተከማቸ ቺንጋው እየተበላ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የክላች ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ ያልለቀቀ ጋሪ ዳገት አይወጣም። የሞተሩ መቀመጫ ላስቲክ የተቀደደ ጋሪ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነቱን የሚገድበው ገቨርነር በትክክል ካልተስተካከለ ጋሪው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይንቀራፈፋል። በአብዛኞቹ ጋሪዎች ሞተሩ የሚነሳው ፔዳሉ ሲረገጥ ስለሆነ፣ ሞቶሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ቀጭን ቺንጋ አለ፤ እሱ ሲላላ የሚያሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ በክላቹ ላይ ይሳበባል። ጋሪውን በእጅ ገፍቶ በቀላሉ መሄዱን ማየት፣ የሞተር መቀመጫውን በባትሪ መብራት መመልከት፣ ቀጭኗን ቺንጋ በጣት መጫን አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚያ በኋላ ወደ ቺንጋው ይኬዳል። ጎኑ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ክሩ ከወጣ ይጣል። ስፋቱ በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ከተሰጠው ልክ በታች ከወረደም ይጣል፤ የጠበበ ቺንጋ ሳህኖቹ መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መነሻው ይበላሻል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሲገዙም ለጋሪው የተመደበውን ትክክለኛ ቁጥር ይያዙ። ከሃርድዌር ሱቅ “ይመስላል” ተብሎ የተገዛ ቺንጋ ርዝመቱና ስፋቱ በጥቂቱም ቢለይ የክላቹን አሠራር ያዛባል። አዲስ ቺንጋ አስገብቶ ችግሩ የተፈታለት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ወጪው በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ካልተፈታ ተነጂው ክላች ይታያል። በውስጡ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተቱ ትናንሽ የፕላስቲክ ቁልፎች አሉ። ሲያልቁ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ሳህኖቹም ይያያዛሉ። ሞላውም ይደክማል። ቁልፎቹና ሞላው በርካሽ ይገኛሉ፤ መፈታቱም ሞላው ተወርውሮ ፊት እንዳይመታ ለሚጠነቀቅ ሰው ከባድ አይደለም። በእኛ አስተያየት የተነጂው ሳህኖች ለስላሳ ከሆኑ ይህንን ክላች መጠገን እንጂ መቀየር ሞኝነት ነው። ብዙ ጋራዦች ሁለቱን ክላች “በጥንድ ካልሆነ አንሠራም” የሚሉት ሥራው ለእነርሱ ስለሚቀላቸውና ስለሚያተርፋቸው ነው፤ ሁለቱም አብረው የሚያረጁበት ጊዜ ቢኖርም ሕግ አይደለም።

ነጂው ክላች ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሳህኑን ፊት በጥፍር ይፈትሹት። ቺንጋው የቆፈረው ደረጃ ከተሰማዎት አዲስ ቺንጋ ቢያስገቡም ያው ደረጃ ይበላዋል። ተንቀሳቃሹን ሳህን ይዘው ሲነቀንቁት ወደ ጎን የሚወላወል ከሆነ ቦኮላው አልቋል። ክብደቶቹና የሚንከባለሉባቸው ክፍሎች ጠፍጣፋ ከሆኑ ግፊቱ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ያ መዝለል ከዚህ ነው። ለአንዳንድ ሞዴሎች የመጠገኛ ዕቃ ለብቻው ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ዕቃ ሚዛኑ ከተዛባ ሞተሩንም ይጎዳል። ሳህኑ ከተቆፈረ ወይም ቦኮላው ካለቀ ሙሉውን መቀየር ይሻላል፤ ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

የእኛ ሰው ልማድ ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው። ለብዙ ዕቃ ቶርኖ መድኃኒት ነው፤ ለዚህ ግን አይመከርም። የሳህኑ ተዳፋት ከቺንጋው ጎን ጋር እንዲገጥም በልክ የተሠራ ነው፤ ተልጦ ሲለሰልስ ማዕዘኑ ወይም ውፍረቱ ይለወጣል፣ ቺንጋውም ቦታውን ያጣል።

ሲፈታም ጥንቃቄ ያሻዋል። ነጂው ክላች የተቀመጠው ጫፉ በሾጠጠ ዘንግ ላይ ስለሆነ ቡሎኑ ከወጣ በኋላም ተጣብቆ ይቀራል። ለዚህ የሚሆን ማስለቀቂያ ቡሎን አለ፤ በክላቹ መሐል ገብቶ የዘንጉን ጫፍ እየገፋ ያላቅቀዋል። ለየሞዴሉ ልኩ ይለያያል። ይህቺን ጥቂት ዶላር የምታወጣ ቡሎን ላለመግዛት በመዶሻና በፒንሳ ሲታገል ሳህኑን የሚያጎብጥ መካኒክ ሞልቷል፤ ሊጠገን ይችል የነበረው ክላች በዚያው ይሞታል። ቡሎኑን ከማስገደድዎ በፊት ወደየት እንደሚዞር ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ሲመለስ የሾጠጠው ቦታ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ግራሶ አይቀባ፣ ቡሎኑም በተመደበለት ኃይል ይጥበቅ። ሳህኖቹም ላይ ግራሶ የሚባል ነገር አይድረስ፤ አቧራ ሰብስቦ ያጣብቃቸዋል።

የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ሌላው የኪሳራ በር ነው። ሻጭ “የ98 ሞዴል ነው” ቢል ከአፉ አይቀበሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩን ያንብቡ። በክለብ ካር ላይ ከመነሻ ፊደላቱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የተሠራበትን ዓመት፣ ተከታዮቹ ሁለቱ ሳምንቱን ያመለክታሉ። ለ1996 ጋሪ የሚሸጥ ነጂ ክላች ለ1997ቱ ላይገጥም ይችላል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ግን አንድ ናቸው። ከዚህም በላይ ብዙ አሮጌ ጋሪ ሞተሩ በሌላ ተተክቷልና የሞተሩንም መለያ አብሮ መያዝ ይጠቅማል።

ለሒሳቡ ያህል እንበል፤ ጋሪው 1,800 ዶላር ተጠርቶበታል፣ ዳገት ላይም ይለግማል። ቺንጋ በ40፣ የተነጂው ቁልፎች በ30፣ የእጅ ሥራ በ130 ብናስብ በ200 ዶላር ያልቃል። ነጂው 300፣ ተነጂው 250፣ ቺንጋው 40፣ እጅ ሥራው 200 ከሆነ ግን 790 ይደርሳል። ልዩነቱ 590 ዶላር ነው፤ የአንድ ጋሪ ትርፍ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የዋጋ ክርክሩ መጀመር ያለበት መቀመጫው ተነስቶ ክላቹ ከታየ በኋላ ነው። ሻጩ የነጂው ሳህን መቆፈሩን በዓይኑ ካየ የክላቹን ዋጋ ከዋጋው ላይ ለመቀነስ እምብዛም አይከራከርም።

ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ጋሪው ሩብ ሰዓት ያህል ተነድቶ ይሙቅ። ሁለት ሰው ተጭኖ ዳገት ይውጣ፤ ዳገቱ መሐል ቆሞ እንደገና ይነሳ። ጠዋት ቀዝቅዞ ደህና የሚነሳ ክላች ሲሞቅ የሚያንሸራትትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ገዢውን ማልዶ መቅጠር የሚወደው ለዚሁ ነው። ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት።